ውሻ ቂጡን መሬት ላይ ሲጎትት ሁሌ ትል አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ውሻ ቂጡን መሬት ላይ ሲጎትት ብዙ ሰው ሮጦ የትል መድኃኒት ይገዛል። የፊንጢጣ ከረጢቶቹ (ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚይዙ ትንንሽ ከረጢቶች) መደፈናቸውን የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው። ከረጢቶቹ ሁለት ናቸው፤ ጅራቱ ተነሥቶ ሲታይ፣ በግድግዳ ሰዓት ላይ 4 እና 8 ቁጥር በተጻፉበት አቅጣጫ ከቆዳው ሥር ይገኛሉ። ጠጠር ያለ ዓይነ ምድር ሲያልፍ ተጭኖ ያፈስሳቸዋል፤ ተቅማጥ ከተደጋገመ ፈሳሹ ውስጥ ቀርቶ እንደ ሊጥ ይወፍራል።

ማፍሰሱን መጀመሪያ ሐኪም ያሳይ። ጓንትና ቫዝሊን ያስፈልጋል፤ ጠቋሚ ጣት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊንጢጣው ውስጥ ይገባል፣ አውራ ጣት ከውጭ ሆኖ ከረጢቱን ወደ መክፈቻው ቀስ አድርጎ ይገፋል። (ሽታው የከረመ ዓሣ ነው፤ ፎጣ ደርቦ መያዝ ነው።) ቡናማ ቀጭን ፈሳሽ አያሳስብም። ደም፣ መግል ወይም እብጠት ከታየ ግን መጭመቅ ክልክል ነው፣ ከረጢቱ ሊፈነዳ ይችላል። ደኅናውን ከረጢት በየሳምንቱ መጭመቅም ያቆስለዋል።

የእንስሳት ሐኪሞች