የቤንዚን ፓምፑን ከመለወጥ በፊት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

አሮጌ ኮሮላ ዳገት ላይ አቅም ሲያጣ ወይም ሞተሩ ሞቆ አልነሳ ሲል፣ ጋራዥ ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው «የቤንዚን ፓምፑ ሞቷል» ነው። ፍርዱ ብዙ ጊዜ ይቸኩላል።

በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩት የኮሮላ ፎር ኤ-ኤፍ ኢ ሞተሮች ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑ ዝም ማለቱ ብልሽት አይደለም፤ የሚዞረው ሞተሩ ሲነሳ ነው። ኮፈኑ ሥር ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ ቢ ፕላስና ኤፍ ፒ የሚል ምልክት ያላቸውን ሁለት መግቢያዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን መክፈት ፓምፑን ያስጮኸዋል። ካልጮኸ መጀመሪያ ፊውዙና ሪሌው (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚከፍተውና የሚዘጋው ማብሪያ) ይታዩ። ከዚያ ፓምፑ ሶኬት ላይ በቴስተር ይለካ፤ ከባትሪው ከ1 ቮልት በላይ ካነሰ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የዛገው ግራውንድ ነው። አዲስ ፓምፕ ቢገጠምም ያው ይደክማል።

እየጮኸ ግፊት ካነሰስ? የሬጉሌተሩ (የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያው) የቫኪዩም ቱቦ ተነቅሎ የቤንዚን ግፊት ጌጁ ከ38 እስከ 44 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ማሳየት አለበት። ዝቅ ካለ ፊልትሮውና ታንከሩ ውስጥ ያለው ወንፊት ይፈተሹ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከ21 በታች ከወረደ ቤንዚን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው የፓምፑ ቫልቭ፣ ሬጉሌተሩ ወይም ቤንዚን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ያፈሳሉ። (ቱቦ ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀል፤ ሲጋራም ይራቅ።)

ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው የተዘፈቀበት ቤንዚን ነው። የቤንዚን ማስጠንቀቂያ መብራቱ እስኪበራ መንዳት የለመደ ሰው ፓምፑን እያቃጠለው ነው፤ ቤንዚኑ ከሩብ ታንከር በታች አይውረድ። የጀሪካን ቤንዚን ደግሞ ደለል ስለማያጣው፣ በጨርቅ ሳይሆን በደቃቅ ወንፊት ይጠለል፤ ጨርቅ ራሱ ቃጫ ይለቃል።