የአኩስቲክ ጊታርን ድምፅ ሳይለውጡ ለማጉላት የሚሆን ፒክአፕ ስለመምረጥ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ጊታራችሁ በስፒከር ሲሰማ የራሱን ድምፅ እንዳያጣ የትኛው ፒክአፕ (የጊታሩን ንዝረት ወይም ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ መሣሪያ) እንደሚሻል በተደጋጋሚ ስለምትጠይቁን፣ ከመግዛታችሁ በፊት ልታጤኑት የሚገባውን በዚህ ደብዳቤ ለማብራራት ወደናል።

የአኩስቲክ ጊታር ድምፅ የሚጎላው የክሩን ንዝረት ተቀብሎ አየሩን በሚገፋው የፊት ጣውላ በመሆኑ፣ ፒክአፑ ወደ ጣውላው በቀረበ መጠን ድምፁ ይበልጥ የጊታሩን ይመስላል፤ በዚያው ልክ ግን ከስፒከር የሚመለሰውን ድምፅ ተቀብሎ ይጮኻል።

ከሳድሉ (ክሮቹ በታችኛው ጫፋቸው ከሚያርፉበት ቀጭን ዘንግ) ሥር የሚገባው ፒየዞ (ግፊትንና ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፒክአፕ) ይህን ጩኸት በተሻለ ስለሚቋቋም ከባንድ ጋር ለሚጫወት ይመቻል፤ ክሩ በኃይል ሲመታ ግን ድምፁ ይደርቃል። የሳድሉ ግርጌ ፍጹም ዝርግ ካልሆነ ደግሞ አንዱ ክር ጎልቶ ሌላው ይደበዝዛልና፣ ይህ ሲያጋጥም ፒክአፑን ከመቀየር በፊት ሳድሉን ማስተካከል ይገባል።

ለብቻው ወይም ከአንድ ድምፃዊ ጋር በመጠነኛ ድምፅ ለሚጫወት እኛ የምናስቀድመው ከብሪጁ (ሳድሉን ከያዘው፣ በፊት ጣውላው ላይ ከተለጠፈው እንጨት) በታች፣ ከጊታሩ ውስጥ የሚለጠፉትን ትንንሽ ፒየዞዎች ነው። ቦታቸው በጥቂት ሚሊሜትር ሲለወጥ የክሮቹ ሚዛን ስለሚለወጥ፣ በማጣበቂያ ከመለጠፋቸው በፊት በጊዜያዊ ፕላስተር ይዞ እያንዳንዱን ክር ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ አሰልቺ ቢሆንም የሚዘለል ሥራ አይደለም። የውስጥ ማይክሮፎን ከሁሉም በላይ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሆኖም ጸጥ ካለ መድረክ ውጭ ብቻውን አንመክረውም።

በድምፅ ቀዳዳው ላይ የሚገጠመው የማግኔት ፒክአፕ ለናይለን ክር ፈጽሞ አይሠራም። በነሐስ ክር ላይም የሚያነበው ከጥምጥሙ ውስጥ ያለውን ብረት ብቻ ስለሆነ፣ ያልተጠመጠሙት ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ከሌሎቹ ልቀው ሊሰሙ ይችላሉ።

ፕሪአምፕ (ደካማውን ምልክት ቀድሞ የሚያጎላ መሣሪያ) የሌለው ፒየዞ የሚሰካበት መግቢያ ቢያንስ 1 ሜጋኦም ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ምልክቱ የሚያሳየው ተቃውሞ) ሊኖረው ይገባል። የብዙ ሚክሰሮች የላይን መግቢያ ወደ 10 ኪሎኦም ብቻ በመሆኑ፣ በቀጥታ ሲሰካ ቤዙ ጠፍቶ ድምፁ ይቀጥናል፤ በፒክአፑ ላይ የሚቀርበው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይኸው ነው። ጊታሩ ወፍራም ድምፅ እያሰማ ሲጮህ ደግሞ በኢኳላይዘሩ 100 ኸርዝ አካባቢ ያለውን መቀነስ ወይም የድምፅ ቀዳዳውን በጎማ ክዳን መሸፈን ይረዳል።

ትእዛዝ ስትልኩልን የክራችሁን ዓይነትና የምትጫወቱበትን ሁኔታ እንድትገልጹልን እንጠይቃለን። የሳድል ፒየዞ የምትፈልጉ ከሆነ የሳድሉን ማስገቢያ ስፋት ለክታችሁ ጻፉልን፤ በብዛት 2.4 ወይም 3.2 ሚሊሜትር ስለሆነ ለአንዱ የተሠራው ለሌላው አይገጥምም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል