የኖፕፍለር ድምፅ ከጣቱ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጊታር ተጫዋቹ ማርክ ኖፕፍለር ባወጣችሁት ጽሑፍ የጊታሩ ድምፅ የፔዳል (በእግር እየተረገጠ ድምፅን የሚቀይር መሣሪያ) ውጤት ተደርጎ ቀርቧል። በ1978 እ.ኤ.አ. በወጣው የባንዱ የዳየር ስትሬትስ የመጀመሪያ አልበም የምንሰማው ጥርት ያለ ድምፅ ግን በዋናነት የቀኝ እጁ ሥራ ነው። ፒክ (ክር መምቻ ቁራጭ) አይዝም፤ ክሩን በአውራ፣ በጠቋሚና በመሃል ጣቱ እየመታ ሁለቱን ቀሪ ጣቶች ጊታሩ ላይ ያሳርፋል። የስትራቶካስተር ጊታሩን የፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ክፍል) መምረጫም በመሃለኛውና በድልድዩ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ በሚያርፉበት ክፍል) በኩል ባለው ፒካፕ መካከል ያደርገዋል። የቀድሞዎቹ መምረጫዎች ሦስት ማቆሚያ ብቻ ስለነበራቸው እዚያ መሃል ማቆም ጥንቃቄ ይጠይቅ ነበር፤ ትንሽ ሲነካ ይንሸራተታል። ጀማሪዎች ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ለውጥ) ሲጨምሩ ለስላሳውና ጠንካራው ምት አንድ ዓይነት ይሆንባቸዋል፤ የሰውየው አጨዋወት ያለው ደግሞ እዚያው ልዩነት ላይ ነው። በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ ጋዜጠኛ እንደነበርም ዘላችሁታል፤ ግጥሞቹን ለሚያውቅ ቀላል ግድፈት አይደለም።

ከአክብሮት ጋር