ከባቡር ጣቢያው ለላክሽልኝ ፎቶ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ትንሽ ተሽሎታል። ድመቷ አሁንም የምትተኛው አንቺ አልጋ ላይ ነው።

ፎቶሽ ቅዳሜ ማታ ደረሰኝ። የባቡር ጣቢያ ሰሌዳ፣ ከሥሩ አንቺ ኮፍያሽን እስከ ጆሮሽ ደፍተሽ፣ ከኋላሽ ያ የማይጠገብ ግራጫ የእንግሊዝ ሰማይ። ሰሌዳው ላይ «አተንቦሮ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ አንቺ «አባዬ፣ ለምትወዳቸው ሽማግሌ መንደር ሰይመውላቸዋል እኮ!» ብለሽ ጽፈሽበታል። ሽማግሌው ያው በዱር እንስሳት ፊልም ትረካቸው የምወዳቸው እንግሊዛዊው ዴቪድ አተንቦሮ መሆናቸው ነው። ሳቄ መጣ። እናትሽ «ምን አገኘህ?» አለችኝ። ከዚያ ግን እንዲሁ ማለፍ አቃተኝ። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው ስህተት ሲያይ እጁን ይበላዋል።

ልጄ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መንደሩ በሰውየው አልተሰየመም፤ ሰውየው ናቸው በመንደሩ የተሰየሙት። ጣቢያው አጠገብ ያለው የወፎች ሐይቅም ቢሆን ስሙን ያገኘው ከመንደሩ ነው። ድሮ ጠጠር ሲወጣበት የነበረ ጉድጓድ ነው ውሃ የሞላው። እርግጥ በ1966 (ዓመታቱን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) መርቀው የከፈቱት ራሳቸው ዴቪድ አተንቦሮ ናቸው። ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም።

እስቲ ከሥሩ ልጀምርልሽ። ከሺህ ዓመት በፊት፣ ትሬንት ወንዝ አጠገብ፣ አዳ ወይም ወደዚያ የቀረበ ስም ያለው አንድ ሰው ነበር። የተመሸገ ስፍራ ነበረው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «የአዳ ምሽግ» ተባለ፤ እኛ ብንሆን «የአዳ አምባ» እንለው ነበር። ሰውየው ሞተ፣ ምሽጉም ጠፋ፣ ስሙ ግን መሬቱ ላይ ቀረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ያ የመሬት ስም ተመልሶ ሰው ላይ ወጣ። ከሰው ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ ሰው። እኔ ይሄ ነገር ሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ ብልሽ አታምኚኝም።

እንግሊዞችም እኮ እንደኛ ያለ ቤተሰብ ስም ነበር የኖሩት። ኖርማኖች በ1066 ከመጡ በኋላ ግን ሁሉም ልጁን ዊልያምና ጆን ማለት ጀመረ። አንድ መንደር ውስጥ አምስት ጆን ሲሆን ግብር ሰብሳቢው ምን ያድርግ? ጆን ቀጥቃጩ፣ ጆን ቀዩ፣ ጆን የሮበርት ልጅ፣ ጆን ከአተንቦሮ የመጣው እያለ መዘገበ። ቅጽሉ ቀስ በቀስ ወደ ልጅ ልጅ መተላለፍ ጀመረ። በ1400 ገደማ አብዛኛው የእንግሊዝ ቤተሰብ ቋሚ ስም ነበረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውዪ። አተንቦሮ ውስጥ እየኖረ «የአተንቦሮው» የሚባል ሰው ሊኖር አይችልም። ስሙን የምታገኚው ከመንደሩ ስትወጪ ነው። አያትሽን አዲስ አበባ ውስጥ «መንዜው» ይሏቸው ነበር። መንዝ ግን ማን መንዜ ይላቸዋል? ሁሉም መንዜ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው አተንቦሮ አንድ ቀን ጓዙን ጠቅልሎ፣ ምናልባት ግማሽ ቀን በእግር ተጉዞ፣ ሌላ መንደር የገባ ሰው ነው ማለት ነው። ሩቅ አልሄደም። በ1881 ቆጠራ ጊዜ እንኳ ስሙ የተከማቸው እዚያው ኖቲንግሃምሽርና ጎረቤቱ ደርቢሽር ውስጥ ነበር። የዴቪድ አያት ስቴፕልፎርድ የሚባል ከተማ ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ካርታው ላይ ለካሁት፤ ካንቺ ጣቢያ ጠዋት ብትነሺ ለቁርስ በእግርሽ ትደርሻለሽ። እንግዲህ ዘር ማንዘሩ በብዙ መቶ ዓመት የተጓዘው ያንን ያህል ነው። ከቤቱ ራቅ ያለውም ለንደን ገብቶ ዕቃ በመያዣ ይዞ ገንዘብ የሚያበድር ነጋዴ ሆኗል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ውስጥ ወርቁን ማስያዝ የፈለገ ሰው የአተንቦሮን በር ያውቀው ነበር።

ስሚዝ የሚለውን ስም ግን ውሰጂ። ቀጥቃጭ ማለት ነው። በየመንደሩ ቀጥቃጭ ስለነበረ ስሙ መቶ ቦታ ተወለደ። አተንቦሮ የተወለደው አንድ ቦታ ነው። ብርቅ የሆነውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ አትዝለዪው። ዋይ ክሮሞዞም፣ ማለትም ፅንሱን ወንድ የሚያደርገው የዘር ቅንጣት፣ የሚወርደው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ነው። የእንግሊዝ የቤተሰብ ስምም እንዲሁ። ስለዚህ ሁለቱ አብረው መጓዝ አለባቸው። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ለማየት 40 የቤተሰብ ስሞችን መርጠው የ1,678 ወንዶችን ዋይ ክሮሞዞም መረመሩ። ውጤቱ በ2009 ወጣ። ሁለት ስሚዞች የሚመሳሰሉት መንገድ ላይ እንደተገናኙ ሁለት እንግሊዛውያን ያህል ብቻ ነው። ከአተንቦሮዎች ግን ከ70 በመቶ በላዩ አንድ ዓይነት ወይም ለአንድ የቀረበ ክሮሞዞም ይዘው ተገኙ። አንድ አባት ማለት ነው! ደግሞ ሥራው የተሠራው የዴቪድ አባት ከ1932 እስከ 1951 በመሩት ተቋም ውስጥ መሆኑ ገረመኝ።

የባሰው ደግሞ ገና ነው። የአተንቦሮዎቹ ክሮሞዞም ኢ1ቢ1ቢ ከሚባለው ወገን ሆኖ ተገኘ። እንግሊዝ ውስጥ ከስንት አንድ የሚገኝ ነው። እኛ አገር ግን ሞልቷል፤ እኔም ሳልይዘው አልቀርም። ሥሩ ከ20 ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ነው። ከዚያ በግብፅ፣ በሜዲትራኒያን፣ በባልካን እያለ ተበታተነ። እባክሽ ይህንን አንብበሽ «ዴቪድ አተንቦሮ ሐበሻ ነው» ብለሽ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፊ። አጎትሽ ካየው በሰዓታት ውስጥ ለአገር ያዳርሰዋል። ቅርንጫፉ ከኛ ከተለየ ብዙ ሺህ ዓመት አልፎታል፤ እንኳን አክሱም፣ ፒራሚዱም ገና አልነበረም። ነገሩ የሚጠቅመው ለሌላ ነው። ብርቅ ክሮሞዞም ብርቅ ስም ላይ ሲገኝ፣ ዘሩን መከተል ቀይ ክር ነጭ ነጠላ ላይ እንደመከተል ይቀላል።

ሌላም አለ። በ2007 ያው ቡድን ከምሥራቅ ዮርክሽር የሆነ አንድ ብርቅ ስም አጠና። ስሙን ጽሑፋቸው ላይ አልገለጹትም፤ ጥሩ አደረጉ። ከ18ቱ ባለስሞች 7ቱ የምዕራብ አፍሪካ ክሮሞዞም ይዘው ተገኙ። ነጭ የዮርክሽር ሰዎች ናቸው፤ አፍሪካዊ አያት አለን ብሎ ያሰበ አልነበረም። መዝገብ ሲገለጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዮርክሽር የኖሩ ሁለት አባቶች ጋ ደረሱ። አንዱን ጥቁር ሰው እዚያ ብርድ ውስጥ ምን እንዳገባው ሳስብ አንቺ ትመጪብኛለሽ።

«ታዲያ የቀሩት አተንቦሮዎችስ?» ማለትሽ አይቀርም። ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ሐሜት ነው። እውነት ነው፣ ሐሜቱም አለበት። ግን ማደጎም አለ። በእናቱ ስም የተጠራም አለ። ተመራማሪዎቹ በየትውልዱ ከስሙ የሚያፈነግጠው ከ1 እስከ 4 በመቶ ገደማ ነው ይላሉ። ትንሽ ይመስላል። ሃያ ትውልድ ሲባዛ ግን ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ሴት ብቻ የወለደ አባት ስሙ እዚያው ያበቃል። ወንድ ያበዛው ደግሞ ይበዛል። አንድ ሁለት ቤት ወንድ ባይወልድ ኖሮ አንቺም ሰሌዳውን አይተሽ ማንንም አታስታውሺም ነበር።

ሦስት ሴት ልጆች ያሉኝ እኔ እንግሊዛዊ ብሆን ኖሮ አልቆልኝ ነበር ማለት ነው። በኛ አቆጣጠር ግን ለማንም አያልቅም፣ ለማንም አይቀጥልም። እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ፣ አንቺ የእኔ ነሽ፣ ልጅሽ የአባቱ። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ እስካለ ድረስ ከኋላ እንጠራለን። ይህንን ባለፈው ዓመት ቪዛ የጠየቅንበት መስኮት ላይ ለተቀመጠው ልጅ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። «ባልና ሚስት ከሆናችሁ የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ተለያየ?» ይለኛል። የእሷ ያባቷ ነው፣ የኔ ያባቴ ነው አልኩት። ማስረጃ አምጡ አለ። እናትሽ የሠርጋችንን ፎቶ ከቦርሳዋ ስታወጣ ተጠቅልዬ መግባት አማረኝ።

ለዚህ ነው የቤተሰብ ስም ነገር እንደ ድሮ የማይስቀኝ። አንቺን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ «ሚስ አሰፋ» ይሉሻል። የኔ ስም ነው እኮ! አባቴ አሰፋ ያሉኝ በተወለድኩበት ዓመት ቤታችን ላይ አንድ ክፍል ስለቀጠሉ ነው። «እግዜር ቤቴን አሰፋ» ብለው። ከዚያ ጭቃ ክፍል የወጣ ስም አሁን እንግሊዝ ውስጥ ቅጽ ላይ ሰፍሯል። ልብ በዪ፣ የምሽጉ ባለቤት የአዳ ስምም እንደዚሁ ነው የጀመረው። አንድ ጸሐፊ የሰማውን ይጽፋል፣ ስሙ ይቀራል። በ1538 አብያተ ክርስቲያናቱ ጥምቀትና ቀብር መመዝገብ ሲጀምሩ እያንዳንዱ ቄስ ጆሮው እንደሰማው ነው የጻፈው። ዛሬ አተንባሮው የሚሉ አሉ፣ አተንበሮው የሚሉም አሉ። ያው ናቸው። አተንቦሮን ራሱን በነሱ ፊደል ቁጠሪው፤ 12 ፊደል ነው። የመጨረሻዎቹ አራቱ የቆሙት ለአንድ ድምፅ ነው። እኛ በአምስት እንጨርሰዋለን።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሬ መጣሁ። የሜሪላንዷ እህትሽ ሕፃኑን በኔ ስም እንዳስመዘገበችው ነግራሻለች? የባሏ አባት ስም ገብረጻድቃን ነው፤ መዝጋቢዋ መሀሉ ላይ ደርሳ ደከማት አሉ። ባልየው «በቃ አሰፋ ይሁን» አለ። ወርቅ የሆነ ልጅ ነው። ስለዚህ የልጅ ልጄ አሰፋ ነው፣ የእሱም ልጅ አሰፋ ይሆናል። አስቢው፤ ከ300 ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ አሰፋ የሚባሉትን የሜሪላንድ ሰዎች ሰብስቦ ክሮሞዞማቸውን ቢያይ የሚያገኘው የኔን ሳይሆን የገብረጻድቃንን ነው። በሴት ልጅ በኩል ነዋ ስሙ ያለፈው። «እዚህ ቤት አንድ ነገር ተፈጽሟል» ብሎ ያማናል። ይህ ደብዳቤ ማስረጃ ስለሚሆን አስቀምጪው።

ግን አንድ ጣጣ አለ። የሕፃኑን ወረቀት ፎቶ ልካልኝ ሳየው «ኤስ»ዋ አንድ ናት። ያንቺ ፓስፖርት ላይ ሁለት ናቸው። የትንሿን አየሁ፤ እሷ ደግሞ አንድ «ኤስ» ሆኖ ኤፏ ሁለት ነው። ኤፍን ማን ደረበው? ሦስት ልጅ ወልጄ ሦስት ጎሳ ሆናችሁ ማለት ነው። አንቺም ነገ እዚያ ወልደሽ ብታስመዘግቢ፣ እንግሊዝ አገር ወላጅ የፈለገውን የቤተሰብ ስም መስጠት ይችላል፤ ያኔ ያንቺ አሰፋና የእህትሽ አሰፋ መዝገብ ላይ አይተዋወቁም።

ስለዚህ እሑድ ሦስታችሁም ስትደዋወሉ በዚህ ተነጋገሩ። የሚሻለውን ምረጡና ፓስፖርት ስታሳድሱ አንድ አድርጉት። እኔ አልወስንም። ትንሿ ግን ኤፉን ትተው።

በሚቀጥለው ስትሄጂ ወፎቹንም አንሺልኝ። ሰሌዳውን አይቻለሁ።

አባትሽ
አሰፋ (በሦስት ፊደል)