እጅህን ከጆሮህ አርቅ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእናትህ ጉልበት በቀር ደህና ነን። ይህን ወረቀት እህትህ ይዛልህ ትመጣለች። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የእኔ ወሬ ሲረዝምብህ "እሺ አባዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ" ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይዘጋም። ምሳህን ሳትበላ ግን አታንብበው።

በአዲሱ ክለብህ ማሊያ ያሳደገህን የሐዋሳን ክለብ ስትገጥም ድሬዳዋ ላይ ያደረግኸውን አይቻለሁ። ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ነው ያየሁት፤ ቴሌቪዥኑ ከፍሪጁ በላይ የተሰቀለበት። ኳሷ መረብ ስትነካ ማንም አልጮኸም። ቤቱ ሙሉ ሰው ዞሮ እኔን ተመለከተ። ልጄ ጎል አገባ ብዬ ደስታዬን ሳልጨርስ፣ አንተ ወደ ድሮ ደጋፊዎችህ ሮጠህ እጅህን ጆሮህ ላይ ደገንክ። "እስቲ አሁን ተሳደቡ፣ ልስማችሁ" ማለትህ ነው። ካሜራው ወዳጅህ ይሁን ጠላትህ እንጃ፣ ሦስት ጊዜ መልሶ አሳየው። ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ፤ ማታ ኪሴን ስፈትሽ ሁለት ጊዜ መክፈሌን አወቅሁ።

በሚቀጥለው ወር ውድድሩ ወደ እኛ ይመጣል። ድሮ ቢሆን ጠዋት ገብታችሁ፣ ዘጠና ደቂቃ ተጫውታችሁ፣ ማታ በመጣችሁበት መኪና ትመለሱ ነበር። ከ2013 ወዲህ ግን ክለቦቹ አንድ ከተማ ላይ ሰፍረው ነው የሚጫወቱት። ስለዚህ ሳምንታት እዚሁ ሐዋሳ ታድራለህ። ከጨዋታው ይልቅ ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ገብርኤል ስትሳለም፣ ፀጉርህን ስትቆረጥ፣ ለእናትህ መድኃኒት ስትገዛ ደጋፊዎቹን ታገኛቸዋለህ። አብረውህ የተማሩ፣ ታቦር ተራራ ሥር በባዶ እግር አብረውህ የተጫወቱ ልጆች ናቸው። ይሰድቡሃል። እጅህን ወደ ጆሮህ እንዳታነሣ። ይህን የምልህ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ እስከ ወረቀቱ መጨረሻ እደጋግመዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ሱቅ መጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ከፌስታል ማሊያ አወጣና ማሽኑ ላይ ዘረጋው፤ ጀርባው ላይ ያንተ ስምና ቁጥር። ፊደሎቹን እንዴት ላላውቃቸው እችላለሁ? እኔው ቆርጬ የሰፋኋቸው ናቸው። የመጨረሻዋን ፊደል ነጭ ክር አልቆብኝ በቢጫ ነበር የጨረስኳት። "ይፈታልኝ" አለኝ። የማን አባት እንደሆንኩ አላወቀም፤ ወይም አውቆ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ጨካኞች ናቸው። ምላጭ አነሣሁና ክሩን አንድ በአንድ በጠስኩ። ስሙ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ጨርቅ እንደ አዲስ ደምቆ ቀረ። ሌላው በፀሐይና በእጥበት ነጥቷል፣ ያንተ ስም የነበረበት ግን አልነጣም፤ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ልጁ አገላብጦ አየውና "አልለቀቀም እኮ" አለኝ። "ክሩ ወጥቷል፣ ይህ ጨርቁ ነው፤ እየታጠበ ሲሄድ ይመሳሰላል" አልኩት። ብሩን ሲዘረጋልኝ አልተቀበልኩትም። ለምን እንዳልተቀበልኩት ለእናትህ ሳስረዳት እኔም አልገባኝም።

ለገንዘብ ነው የሄድከው? አዎ፣ ለገንዘብ ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዲህ ነው የምመልሰው። እኔም ኪራይ ሲወደድብኝ ከፒያሳ ወደ አረብ ሰፈር ተዛውሬያለሁ፤ ከሃዲ ያለኝ ደንበኛ የለም። የልብስ ሰፊ እጅ ስድሳ ዓመት ይሠራል፤ የኳስ ተጫዋች እግር ሠላሳን ሲያልፍ ማን ያስታምመዋል? ውልህ አልቋል፣ ፈርመሃል፣ ነውር የለበትም። ነገር ግን፣ አንተ ልጅ፣ ውልህ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማሊያውን ስመህ "ከዚህ የትም አልሄድም" ያልከው ማን አስገድዶህ ነው? እናትህ እልል ስትል እኔ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ማታውኑ ደውዬ ልቆጣህ ይገባኝ ነበር፤ አንተ ስትጨበጨብ የእኔም ልብ አብጦ ስለነበር ተውኩት። ዝም ብለህ ብትሄድማ ይረሱልህ ነበር። ስመህ መሄድህን ነው ያልረሱት። ስለዚህ በሚሰድቡህ ጊዜ የስድቡን ሩብ የራስህ ድርሻ አድርገህ ውሰደው፤ ቀሪውን ለንፋስ ተወው።

የፊርማውን ገንዘብ ነገር ካነሣሁ አይቀር፦ ግማሹን በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ባንክ አስገባ፤ የባንኩን ደብተር ለእህትህ አሳያት። መኪናህን ይዘህ እንዳትመጣ። እዚህ ባጃጅ ሞልቷል። አዲስ መኪና በሰፈር ማቆም ማለት እጅን ጆሮ ላይ ማድረግ ነው፤ በብረት የተሠራ ሆነ እንጂ።

አሁን የምነግርህን እናትህም አጣርታ አታውቀውም።

የሚዘፍኑብህን ዘፈን ሰምተሃል። "ሸጠን፣ ሸጠን" የሚለውን። ሦስት ጭብጨባ፣ ዝም፣ ከዚያ አንድ ጭብጨባ። ድሬዳዋ ላይ ሲጀምሩት የሻይ ቤቱ ልጆች ጠረጴዛ እየመቱ ተከተሉት። ዜማውን አወቅሁት። ያወጣሁት እኔ ነኝ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ባንዲራውን የምሰፋው እኔ፣ ከበሮውን የምመታው እኔ። አንድ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበረን፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ሲሮጥ ካልሲው ወርዶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይጠራቀማል፤ አሠልጣኙ ቢቆጣው፣ ዳኛው ቢቆጣው አይስበውም። በዚያ ካልሲው ነበር የምንወደው። አንድ ክረምት ወደ አዲስ አበባ ክለብ ሄደ። ሊገጥመን ተመልሶ ሲመጣ፣ በዋዜማው ሌሊት ማሽኔ ላይ ተቀምጬ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ግጥም ገጠምኩበት። ምቱን የሰጠኝ የማሽኑ ፔዳል ነው፤ ሦስት ጊዜ ረግጬ ጨርቁን ለማዞር ዝም፣ ከዚያ አንድ ጊዜ።

በግጥሙ እናቱን አስገባሁ። ስታዲየሙ በር ላይ ቆሎ የሚሸጡ ሴት ነበሩ፤ ከእሳቸው ስንት ጊዜ ገዝቼ በልቻለሁ፣ ሲመርቁልኝ አንድ እፍኝ ይጨምሩልኛል። በእሳቸው ላይ ክፋት አልነበረኝም፤ ቤት ስለመታልኝ ብቻ ነው ያስገባኋቸው። ልጄ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሳየው አፈርኩ፤ ግን አልሰርዘውም። በማግሥቱ ስታዲየሙ ሙሉ ሰው ዘፈነው። ሴትየዋ በሩ ላይ ናቸው፣ ቆሎው ፊታቸው ነው፣ ይሰማሉ። በሚቀጥለው እሑድ በቦታቸው አልነበሩም። ከዚያ በኋላም አላየኋቸውም።

ልጁ እጁን ወደ ጆሮው አላነሣም። የማዕዘን ምት ሊመታ እኛ ወዳለንበት ጥግ ሲመጣ ከበሮውን አጠበቅሁት። ኳሷን አስቀመጠ፣ ጎንበስ አለ፣ ሁለቱንም ካልሲዎቹን እስከ ጉልበቱ ሳበ። ካልሲውን ሲስብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት ሻሸመኔ መናኸሪያ ተገናኘን። ፀጉሩ ሸብቷል። እኔ አላየሁም ልል ፊቴን ሳዞር፣ እሱ ከሩቅ "አንተ፣ ከበሮ መቺው አይደለህም?" ብሎ መጣና አቀፈኝ። "ያንተን ዘፈን እኮ ልጆቼም ያውቁታል!" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አየህ፣ ሳቅሁ። እናትህስ ልለው ፈልጌ ነበር፤ በሕይወት አሉ ወይ ልለው። ረዳቱ "ሐዋሳ የሞላ፣ ሐዋሳ የሞላ" ብሎ ሲጮህ እንደ ዳነ ሰው ሮጬ ገባሁ። ደግሞ ቦታ ነበረው፤ አልሞላም ነበር።

አንተ የመጀመሪያ ውልህን ስትፈርም ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ሲሞላ፣ እኔ ጓሮ ሄጄ የቆምኩት ለዚህ ነበር። እናትህ በደስታ ያለቀስኩ መስሏት እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ስለዚህ ደጋፊውን ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ። ከሚሰድብህ መካከል ቁጣው የምር የሆነው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ቤት ስለመታለት ነው የሚዘፍነው። ለዚያ ሰው መልስ ከሰጠኸው ግጥሙን ታረዝምለታለህ። እኔ ከበሮዬን ይዤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምጠብቀው፦ ልጁ ዞሮ እንዲያየኝ። አትዙር። እጅህን ከጆሮህ አርቅ።

አንተ ሳትወለድ፣ ፊጎ የሚባለው ፖርቱጋላዊ በ1992 ክረምት ከባርሴሎና ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ፤ ወደ ቀንደኛ ጠላታቸው ማለት ነው። በ1995 ኅዳር ወደ ድሮ ሜዳው ተመልሶ የማዕዘን ምት ሊመታ ሲል የአሳማ ጭንቅላት ወረወሩበት። የአሳማ! እናትህ ይህን ስነግራት "ምን ዓይነት ርኩሰት ነው" ብላ ሦስት ጊዜ አማተበች። ዳኛው ጨዋታውን አቋርጦ ሁለቱን ቡድኖች ለጥቂት ጊዜ ከሜዳ አስወጣ። ሰውየው ግን እየተወረወረበት ወደዚያ ጥግ እየተመላለሰ ምቱን መምታቱን አልተወም። የእኛዎቹ ቢበዛ ሃይላንድ ነው የሚወረውሩት፤ ያውም ባዶውን፣ ውሃው ተወዶ።

አዳነ ግርማም ከዚሁ ከሐዋሳ ተነሥቶ ነው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሄደው። በ2005 ጥር ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅተን፣ በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ሰው ስንጫወት፣ ዋንጫውን ይዛ በመጣችው ዛምቢያ ላይ ያገባው እሱ ነው። አንተ በትከሻዬ ላይ ነበርክ፤ ከብደኸኝም ነበር። በዚያች ቀን በዚህ ከተማ ስለ ክለቡ የጠየቀ አልነበረም፤ "የእኛ ልጅ" ነበር የሚባለው። ያ ቀን ይመጣልሃል እያልኩህ አይደለም፤ ላይመጣም ይችላል። ለእኔ ግን ጎሉን ከማስታወስ ይልቅ የክብደትህን ማስታወስ ይቀለኛል።

አሁን ልብ ብለህ ስማ። ስትደርስ መጀመሪያ እናትህን ጠይቅ፣ በኋላ ሆቴልህ ግባ። ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ብቻህን አትውጣ። ዓሣ ካማረህ አሞራ ገደል ድረስ አትሂድ፣ እናትህ የቆሮሶ ሾርባ ትሠራልሃለች፤ በፔርሙዝ እልክልሃለሁ። ሬዲዮ ከጠሩህ "ያሳደገኝን ክለብ አከብራለሁ" በልና ዝም በል፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አትጨምር፣ ማሊያም አትሳም፣ የአዲሱንም ቢሆን። ጎል ካገባህ ወደ መሐል ሜዳ ተመለስ። እጅህ የት እንደሚሆን ካጣኸው ጓደኛህን አቅፈው፤ ብቻ ወደ ጆሮህ አይሂድ።

በመጣህ በሦስተኛው ቀን ልምምድ እንደሌላችሁ እህትህ ነግራኛለች። ያን ቀን ጠዋት ከእኔ ጋር ሻሸመኔ ትሄዳለህ። ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። የሰውየውን ቤት አጠያይቄ አግኝቻለሁ፤ እናቱም በሕይወት አሉ፣ ዓይናቸው ደክሟል አሉኝ። ብቻዬን ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ። አንተ ከጎኔ ካለህ በሩን የማንኳኳ ይመስለኛል። እዚያ ምንም እንድትናገር አልፈልግም፤ ስኳርና ቡናውን ያዝልኝ።

ለእህትህ ካልሲዎችህን ስጣት፣ ይዛልኝ ትምጣ። ላስቲካቸው ረግቧል፤ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ወርደውብህ ነበር። እቀይርልሃለሁ።

አባትህ