ስለ አባባ ሕመም፣ ለእናቴ

ይድረስ ለውድ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ መምሬ እንዲያነቡልሽ የላክሁት፣ ታናሽ እህቴ ጉዳዩን ከወረቀት ሳይሆን ከእኔ አፍ እንድትሰማው ስለምፈልግ ነውና ለጊዜው አትንገሪያት።

ባሕር ዳር ታላቅ ወንድሜን የነርቭ ሐኪም አይቶታል፤ ወደ ውጭ አገር የተላከው የደሙ ምርመራ ውጤትም መጥቷል። ሕመሙ ሀንቲንግተን ይባላል። አባባን የቀሠፋቸው፣ ከእሳቸውም በፊት አያቴን «ዛር ያስጨፍራታል» ያሰኛት ይኸው ነው።

አባባ ጠላ ሳይቀምሱ እየተንገዳገዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «ዛሬም ጠጥተዋል» ሲባል ሰምተሽ አንገትሽን ትደፊ ነበር። ቡናቸውን ግማሽ ስኒ ብቻ ትቀጂላቸው ነበር፤ እሱም እጃቸው ሲወራጭ ጋቢያቸው ላይ ይፈስሳል። በኋላ እህል እያነቃቸው እንጀራውን በሹሮ አርሰሽ ስታጎርሻቸው፣ እኔ ጎረምሳው አፍሬ ወደ ደጅ እወጣ ነበር፤ ይቅር በይኝ። ያለ ምክንያት ሞፈሩን የሰበሩበት ቁጣም ቢሆን ከሕመሙ እንጂ ከጠባያቸው አልነበረም፤ ይህ በሽታ እጅና እግርን ብቻ ሳይሆን ስሜትንና ሐሳብንም ይነካል።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ክሮሞዞም ከሚባሉት የዘር ክሮች በአራተኛው ላይ ባለ አንድ ዘረመል፣ ማለትም ከወላጅ በሚወረስ የሰውነት መመሪያ ውስጥ፣ ሲ፣ ኤ፣ ጂ የሚባሉ ሦስት ፊደላት በተርታ ይደጋገማሉ፤ ድግግሞሹ 40 ወይም ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው ዕድሜ ከሰጠው ይታመማል፤ የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ዳዊት የሚገለብጥ ጸሐፊ አንዲት ቃል ላይ ደርሶ መላልሶ እንደጻፋት ቁጠሪው። ስሕተቱን ሊቃውንቱ ያገኙት በ1993 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ ብዙ የረዷቸው በቬንዙዌላ፣ በማራካይቦ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦች ናቸው። እንደ እኛ ያለ ቤት በዓለም ሌላም አለ ማለት ነው።

እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ይህን ሕመም ግን ቆጠራው አያስቀረውም፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ መውረስ ይበቃዋልና። የታመመ ሰው ልጆች እያንዳንዳቸው የመውረስና ያለመውረስ ዕድላቸው እኩል ነው፤ ያልወረሰው ደግሞ ለልጆቹ አያወርስም። ስለዚህ «በዘራቸው አለ» ብሎ ቤቱን በሙሉ ማግለል ስሕተት ነው፤ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። እኔ ገና አልተመረመርሁም፤ እህቴም ልመርመር ወይም አልመርመር ማለት የራሷ ፈንታ ነው።

ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ መወራጨቱን የሚቀንስ ግን አለ። ጠበሉን አልቃወምም፤ ወንድሜን ግን እንደ አባባ በሰንሰለት አስረው እንዲያስጠምቁት አልፈቅድም፤ አባባ እጃቸው የተላጠው ከዚያ ሰንሰለት ነበር።

ኅዳር 21 የሰንበቴው ተራ የእኛ ነው። ለእህቴ አስቀድሜ ከነገርኋት በኋላ፣ የአባባን ሕመም በስሙ ጠርቼ ለማኅበርተኛው ላስረዳ እፈልጋለሁ፤ አሁንም በየጓሮው ሰካራም እየተባለ የሚሰደብ ሌላ ሕመምተኛ ሊኖር ይችላልና። ስማቸውን ያለ ፈቃድሽ ግን አላነሣም። መልስሽን በመምሬ በኩል ላኪልኝ።

ልጅሽ