ላንድሮቨሯ ገና አልተቀባችም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርማችኋል? እማዬ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነችው ገዝቼ የማድሳት አሮጌዋ ላንድሮቨር ነች።

በላክህልኝ የድምፅ መልእክት «ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሪ ነው? ቀለም እንኳ አልተቀባችም እኮ!» ብለህ ስቀህብኛል። ሳቅ፣ ግድ የለም። ግን የአባባንም ላንድሮቨር ቀለም ላስቀባ ነው ስትል ደነገጥኩ። እባክህ አሁን አታስቀባት። መጀመሪያ ሥሯ ግባ።

ላንድሮቨር ሰው ታታልላለች። እ.ኤ.አ. በ1948 ስትወጣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብረት እጥረት ስለነበረ አካሏን በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ሠሩት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ስለዚህ ከላይ ስታያት ምንም ያልሆነች ትመስላለች። ሁሉን የተሸከመው ሻሲ ግን ብረት ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ውሃና ጭቃ ይገባበትና እዚያው ይቀራል። ዝገቱ ከውስጥ ጀምሮ ይበላዋል። ከውጭ የምታየው ግን ጥቁር ቀለም ብቻ ነው።

የእኔዋን ስገዛ ሻሲዋ ንጹሕ ነው ተብዬ ነበር። ለማንኛውም ብዬ መዶሻ ይዤ ከታች ገባሁ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል። የበሰበሰው ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል፣ አንዳንዴም መዶሻው ጭራሽ ይገባል። የኋላው አግዳሚ፣ ማለት ሻሲውን ከኋላ ግራና ቀኝ የሚያያይዘው ብረት ላይ ቀለሙን ስፍቀው ከሥሩ ስቱኮ ወጣ። ስቱኮ! መኪና የሚሸከም መስሎት ነው መሰለኝ የደፈነው ሰውዬ።

ጊዜዬን የበላው እንግዲህ ይኼ ነው። የበሰበሰውን ቦታ እየቆረጥኩ በአዲስ ብረት እተካለሁ፣ ግን አንድ በአንድ። ሁሉንም በአንዴ ከቆረጥከው ሻሲው ይጣመማል። ከእያንዳንዱ ብየዳ በፊትና በኋላ ሰያፉን እለካለሁ፤ ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ሥራ ይቆማል። መኪናዋ ላይ ብየዳ ሲኖር ደግሞ ባትሪ ይነቀላል፣ የነዳጅ ታንከር ወጥቶ ከጋራዡ ይርቃል። በዚህ ላይ ከእኔ ጋር አትከራከር።

አንድ ነገር ልንገርህ። መኪና ስትፈታ ሦስት መኪና ትሆናለች። ጋራዡ ሞልቶ ፓራፋንጎው ሳሎን ገብቷል። ብሎን በብሎን እየለየሁ፣ ከየት እንደወጣ በከረጢቱ ላይ እየጻፍኩ አስቀምጣለሁ። ከመፍታቴ በፊት ፎቶ አነሳለሁ። ያልላላ ብሎን ዘይት ጠጥቶ ያድራል፤ በጉልበት ከሄድክበት ይበጠስና ሌላ ሥራ ያመጣብሃል። አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር የሚገናኝበትን ቦታም እይ። እርጥበት ካገኘው አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ያልቃል። እኔ መልሼ ስገጥም መካከላቸው ላስቲክ እያደረግኩ ነው።

ሞተሩ እንደፈራሁት አልሆነም። ባለ 2.25 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ የዋህ የቤንዚን ሞተር ነው። ኮምፕሬሽን፣ ማለት ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበትን ኃይል ስለካ አንዱ ሲሊንደር ደክሟል። እሳት በሚሰጠው በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጌ ደግሜ ለካሁት። ልኩ ከፍ ቢል የደከመው ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት ነው የምትለው። አላለም። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን ሳወርደው ቫልቩ አልዘጋ ብሎ ኖሯል። ከመቀመጫው ጋር አፋጭቼ አስተካከልኩት፣ ከቴስታታው ሥር የሚነጠፈውን ጓርኒሲዮን ቀየርኩ፣ አለቀ።

ፍሬን ላይ ግን አደራ። አንተን አውቅሃለሁ፤ ታምቡሩን ከፍተህ አቧራውን በኮምፕረሰር ቡን ማድረግ ትወዳለህ። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ ሳንባ ይጎዳል። አፍህን ሸፍነህ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

እንግዲህ ጊዜ ስታገኝ መዶሻህን ያዝ። ክሪክን ብቻ አምነህ ሥሯ እንዳትገባ፤ መደገፊያ ብረት አድርግላት። የኋላውን አግዳሚ፣ ንብርብሩ ሞላ፣ ባሌስትራው የሚታሰርበትን፣ እግር የሚያርፍበትን ወለል ሁሉ ምታ። ድፍን ያለውን በጠመኔ አክብብና ፎቶውን ላክልኝ። የሻሲ ቁጥሯንም ጻፍልኝ፤ ዕቃዋ ከዘመን ዘመን ስለሚለያይ ቁጥሩን ሳላውቅ ከዚህ ምንም ልገዛላት አልችልም።

አባባ «መኪናዬን በመዶሻ ትደበድባለህ?» ብሎ ከተቆጣ በእኔ አሳብ። እኔን ከዚያ ሆኖ አይደርስብኝም።

ለሁሉም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህትህ